ከስትሮክ በኋላ የእጅን እንቅስቃሴ ስለ መመለስ፦ የተሐድሶ ሕክምና መንገዶችና ማስረጃዎቻቸው

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው ሕይወቱ መትረፉን ካወቀ በኋላ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «እራመዳለሁ ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ ተስፋ ያለው መልስ መስጠት እንችላለን። ሁለተኛው «እጄስ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የሐኪሙም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም አንደበት ይያዛል። ከዚያም «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ቀስ በቀስ ይሻልሃል» የሚሉ መልሶች ይሰጣሉ። መልሶቹ ከደግ ልብ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን በሽተኛው ነገ ጠዋት ተነሥቶ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግሩትም።

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። የማስረዳው ሐሳብም አንድ ነው። ከጉዳቱ የተረፈ የነርቭ መንገድ እስካለ ድረስ፣ እጅ የሚመለሰው በሽተኛው ራሱ እየጣረ፣ ትርጉም ባለው ሥራ ላይ፣ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋግም ነው። ርካሹም ውዱም ዘዴ የሚመዘነው ይህን ድግግሞሽ በማስገኘቱ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ በእኛ ሀገር ሁኔታ የጎደለን ምን እንደሆነና በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ እንደገና መቁጠር ይኖርብናል።

እጅ ከእግር ይልቅ ስለምን ይዘገያል?

በአማርኛ «እጅ» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ልንል እንችላለን። ይህ የቋንቋችን ልማድ ለዛሬው ጉዳይ ይስማማል። ትከሻው ያልጸና ሰው ጣቶቹን ወደ ዕቃው ማድረስ አይችልም፤ ጣቶቹ የማይዘረጉለት ሰውም ትከሻውን ቢያነሣ ምንም ይዞ አይመለስም።

ስትሮክ የሚደርሰው ለአንጎል ደም የሚያደርስ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ነው። በመደፈን ከሚመጣው ስትሮክ መካከል አዘውትሮ የሚጠቃው መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ነው። ይህ ደም ቅዳ ፊትንና እጅን የሚያዝዘውን ሰፊ የአንጎል ንጣፍ ይመግባል። እግርን የሚያዝዘው ክፍል ግን በአብዛኛው የሚመገበው በሌላ፣ በፊተኛው ደም ቅዳ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክንያት የደም ሥሮቹ አቀማመጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። መራመድ ተደጋጋሚ ዑደት ስለሆነ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ መረቦች ያግዙታል። ከመሶብ ላይ እንጀራ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥቡ ወደ አፍ ማድረስ ግን የእያንዳንዱን ጣት ለየብቻ መታዘዝ ይጠይቃል። ይህን ትእዛዝ የሚያደርሰው ከአንጎል ንጣፍ ተነሥቶ፣ በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል በአብዛኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርደው ረጅም የነርቭ መንገድ ነው። የግራ አንጎል ጉዳት ቀኝ እጅን የሚያዝለውም በዚሁ መሻገር ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ለሕክምናችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። በአንድ እግር መራመድ አይቻልም፤ በአንድ እጅ መኖር ግን ይቻላል። በሽተኛው ከአልጋ ወርዶ መጸዳጃ ቤት በሄደ ቁጥር የደከመው እግሩ ሳይወድ በግድ ይለማመዳል። የደከመው እጅ ግን በጉያ ታቅፎ መቀመጥ ይችላል፤ ሌላው እጅ ሥራውን ሁሉ ይወስድለታልና።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚናገሩት

«እጄ ይመለሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አጠቃላይ መልስ የለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን በጊዜ የተመረመረ ግምት መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ሁለት ቀላል ምልክቶችን መዝኖ ነበር፤ ትከሻን ወደ ጎን ማንሣትንና ጣቶችን መዘርጋትን። ስትሮኩ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ሁለቱንም በጥቂቱ ማድረግ የቻሉ ሰዎች በስድስተኛው ወር እጃቸውን በተወሰነ ደረጃ ለሥራ የማዋል ዕድላቸው 98 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ያልቻሉት ዕድላቸው 25 በመቶ ነበር።

ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአልጋው አጠገብ ቆሞ «ክንድህን ወደ ጎን አንሣ፤ ጣቶችህን ዘርጋ» ብሎ ማየት ይበቃል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ የምትሠራው ካቲ ስቲኒር ከባልደረቦቿ ጋር የዘረጋችው የትንበያ ሥርዓትም የሚነሣው ከእነዚሁ ሁለት ምልክቶች ነው። ነጥቡ ዝቅ ካለ የነርቭ መንገዱ መትረፍ አለመትረፉ በተጨማሪ ምርመራ ይታያል። ተማሪዎቼን የማሳስበው ይህን ነው፤ የጣት መዘርጋት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በሕክምና መዝገብ ላይ ካልተጻፈ፣ ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ እውነተኛ ተስፋ ወይም እውነተኛ ዝግጅት የመስጠት ዕድል ያመልጠናል።

ከጦጣዎች የተገኘው ትምህርት

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ ከጦጣዎች አንድ እጅ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገባውን የስሜት ነርቭ ቆርጦ አጥንቷል። የእንቅስቃሴው ነርቭ አልተነካም፤ ሆኖም ጦጣዎቹ ያንን እጅ መጠቀም ተዉ። ጤነኛው እጃቸው ለተወሰኑ ቀናት ሲታሰር ግን «የሞተ» የመሰለውን እጅ እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በእንስሳቱ አያያዝ ምክንያት በታውብ ቤተ ሙከራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የተነሣው ክስና ክርክር የታወቀ ነው፤ የምርምር ሥነ ምግባር ስታጠኑም ታገኙታላችሁ። ከሥራው የወጣው ሐሳብ ግን የስትሮክ ሕክምናን ለወጠ። ታውብ ክስተቱን «የተማሩት አለመጠቀም» ብሎታል። ጦጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞክሮ ስላልቻለ መሞከር ተወ፤ ችሎታው ኋላ ሲመለስ እንኳ አልሞከረም።

ሁለተኛው ትምህርት የራንዶልፍ ኑዶ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንጎላቸው የእጅ ክፍል ላይ ትንሽ ጉዳት የደረሰባቸው ጦጣዎች ከጠባብ ጉድጓድ ምግብ በጣታቸው እንዲያወጡ በየቀኑ አለማመዷቸው። ባልሠለጠኑት ጦጣዎች ከጉዳቱ ዙሪያ የተረፈው የእጅ ክፍል ጭምር እየጠበበ ሄዶ ነበር። በሠለጠኑት ግን ያ ክፍል ተጠብቆ ቆየ፤ በአንዳንዶቹም ወደ ጎረቤት ክፍል ሰፋ። እንደ እርሻ ድንበር ነው፤ ካላረሱት ጎረቤት ይገፋዋል።

ኒውሮፕላስቲሲቲ የምንለው ይህንን ነው፤ አንጎል በሥራ ራሱን እንደገና መቅረጹን። ቃሉ ዛሬ በየመድረኩ እንደ ተአምር ይነገራል። ነገር ግን ኑዶ ያሳየው የሚያስፈራም ነገር አለው። አንጎል በሥራ የሚቀረጸውን ያህል በሥራ ማጣትም ይቀረጻል። አልጋ ላይ ያለ ሥራ የዋለ እጅ ባለበት አይቆይም፤ በአንጎል ውስጥ ያለውን ርስት እያስረከበ ይሄዳል።

ድግግሞሽ በቁጥር ሲታይ

እንግዲህ «ስንት ጊዜ?» ብለን እንጠይቅ። ኑዶን በመሰሉ የእንስሳት ሙከራዎች አንድ እንስሳ በአንድ ቀን የሚሠራው ድግግሞሽ በመቶዎች ይቆጠራል። የሰው ሕክምናስ? ካትሪን ላንግና ባልደረቦቿ በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ ሰባት የተሐድሶ ማዕከላት 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ተቀምጠው ቆጠሩ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የእጅ ሕክምና ከተሰጠባቸው ክፍለ ጊዜዎች በግማሽ ያህሉ ብቻ በሽተኛው እጁን ለአንድ ዓላማ ያዋለበት ልምምድ ተገኘ። ይህ በተገኘበትም ጊዜ አማካይ ድግግሞሹ 32 ብቻ ነበር።

ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እነዚያ ማዕከላት ሰው፣ መሣሪያና ጊዜ ያላቸው ናቸው። ድግግሞሹን ያሳነሰው ድህነት አልነበረም፤ ማንም አለመቁጠሩ ነው። አንድ ሰዓት ሕክምና ሲባል ሰላምታው፣ ማዘገጃጀቱ፣ ባለሙያው የበሽተኛውን እጅ ይዞ የሚያንቀሳቅስበት ጊዜና ዕረፍቱ ሁሉ በአንድ ላይ ይቆጠራል። አንጎል የሚያስተውለው ግን በሽተኛው ራሱ ያሰበውንና የጣረውን እንቅስቃሴ ነው።

በሀገራችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን እናጽናናለን። ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን ዶሮዋን ረስተናል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው በየቀኑ ሳትሰለች የታቀፈችው ስላለች ነው። ያልታቀፈ እንቁላል ጊዜ ቢሰጡት ይበላሻል እንጂ አይሄድም።

ዘዴዎቹ በሚዛን ላይ

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ በርታና ካሬል ቦባት፣ በአሜሪካ ደግሞ ትውልደ ስዊድኗ ሲግኔ ብሩንስትሮም፣ ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን የሕክምና ስልቶች ዘረጉ። ብሩንስትሮም የገለጸችው የማገገም ቅደም ተከተል አሁንም ይጠቅመናል። እጅ መጀመሪያ ልል ይሆናል፤ ቀጥሎ ክርን፣ አንጓና ጣት በአንድነት የሚታጠፉበት ጥምር እንቅስቃሴ ይመጣል፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው መታዘዝ ይጀምራል። የቦባት ስልት በባለሙያው እጅ እየተመራ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ማስለመድ ላይ ያተኩራል። ኋላ የተደረጉ ንጽጽሮች ግን ይህ ስልት በተጨባጭ ሥራ ላይ ከሚደረግ ልምምድ እንደሚበልጥ አላሳዩም።

ታውብ ከጦጣዎቹ የወሰደው ሐሳብ ለሰው ሲተረጎም ጤነኛውን እጅ የመገደብ ሕክምና ሆነ። ኤክሳይት በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈዋል። የሕክምናው ቡድን ለሁለት ሳምንት ከነቃበት ጊዜ 90 በመቶውን በጤነኛው እጁ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ በሥራ ቀናት እስከ 6 ሰዓት በደከመው እጁ ተለማመደ። መሻሻሉ ከማነጻጸሪያው ቡድን የበለጠ ነበር፤ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። ሆኖም መመዘኛውን እናስታውስ። ሰዎቹ የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል መዘርጋት የሚችሉ ነበሩ። ጣቱ ፈጽሞ የማይዘረጋለትን ሰው ጤነኛ እጅ ማሰር ሕክምና አይደለም፤ ያለችውን አንዲት እጅ መንሣት ነው።

ጣት ለማይዘረጋላቸው ምን አለ? አንደኛው የመስታወት ሕክምና ነው። መስታወት በሁለቱ እጆች መካከል ይቆማል፤ በሽተኛው ጤነኛውን እጅ እያንቀሳቀሰ ነጸብራቁን ሲያይ የደከመው እጅ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። ራማቻንድራን ለተቆረጠ እጅ ሕመም ያመጣው ይህ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በዘጠኝ የስትሮክ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ታትሟል። በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 62 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ የእጅን እንቅስቃሴ በመጠኑ እንደሚያሻሽል ደምድሟል። ወጪው የአንድ መስታወት ዋጋ ነው። ሁለተኛው አንጓንና ጣትን በሚዘረጉት ጡንቻዎች ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመውም በሽተኛው ራሱ ለመዘርጋት በሚጥርበት ቅጽበት ሲሰጥ ነው።

ስለ ሮቦትም ልናገር፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኛልና። ራቱልስ የተባለው የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም 770 ሰዎችን አካትቶ ነበር። በሮቦት የታገዘ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ለ12 ሳምንት ተሰጠ። ድግግሞሹ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የእጅን አገልግሎት ከተለመደው ሕክምና አብልጦ አላሻሻለም። ይህ የእኔን ሐሳብ የሚያፈርስ ይመስላል፤ እኔ ግን ሐሳቡን እንደሚያጠራው አያለሁ። ድግግሞሽ ብቻውን አይበቃም። በማሽን ላይ የተለመደው መግፋትና መሳብ ቁልፍ ወደ መቆለፍና ሲኒ ወደ ማንሣት በራሱ አይሸጋገርም። ልምምዱ ሥራውን መምሰል አለበት።

መድኃኒትም ተሞክሯል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት በ118 ሰዎች ላይ በተደረገው የ2011 የፈረንሳይ ጥናት ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2018 የታተመው ፎከስ የተባለው ጥናት በ3127 ሰዎች ላይ ሲፈትነው ግን የዕለት ተዕለት ችሎታን አላሻሻለም፤ የአጥንት ስብራትንም ጨመረ። በትንሽ ጥናት የተገኘ ደስታ በትልቅ ጥናት እንዴት እንደሚፈተን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለክፍል አላገኝም።

በቅርቡ ደግሞ በአንገት የሚያልፈውን ቬገስ ነርቭ በተቀበረ መሣሪያ ማነቃቃት መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው የ108 ሰዎች ጥናት፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያለፋቸው ሰዎች በ66 ነጥብ የፉግል-ማየር መለኪያ በአማካይ 5 ነጥብ አሻሻሉ። ማነቃቂያው ያልተሰጣቸው 2.4 ነጥብ አሻሻሉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቡድኖች በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከ300 በላይ ድግግሞሽ ይሠሩ ነበር። መሣሪያው ድግግሞሹን ያጎለብታል እንጂ አይተካውም።

መቼ ይጀመር? መቼስ ይቁም?

«ብዙ ይሻላል» ከተባለ «ቶሎና በጣም ብዙ ይሻላላ» የሚል ይኖራል። ማስረጃው ጠንቀቅ በሉ ይለናል። ቬክተርስ በተባለው የ2009 ጥናት 52 ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለያየ መጠን ታከሙ፤ ከሁሉ የበረታ ልምምድ የተሰጠው ቡድን በሦስተኛው ወር ከሌሎቹ ያነሰ መሻሻል አሳየ። በ2021 የታተመው ሲፓስ ደግሞ 72 ሰዎችን አጥንቶ፣ ለተለያዩ ቡድኖች በተለያየ ጊዜ 20 ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት ሰጠ። ከፍተኛው ጥቅም የተገኘው ከስትሮኩ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሲሰጥ ነው። በመጀመሪያው ወር የተሰጠው ያነሰ ጥቅም አስገኘ፤ ከስድስት ወር በኋላ የተሰጠው 20 ሰዓት ግን የሚለካ ልዩነት አላመጣም።

ታዲያ ከስድስት ወር በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት ነውን? አይደለም። በለንደን ኩዊን ስኩዌር የሚሰጠው የእጅ መርሐ ግብር ለሦስት ሳምንት በድምሩ 90 ሰዓት ይሰጣል። በ2019 የታተመው ዘገባ 224 በሽተኞችን ይመለከታል፤ ብዙዎቹ ስትሮክ ከደረሰባቸው ከዓመት በላይ አልፏቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል። ዘገባው ማነጻጸሪያ ቡድን ስለሌለው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሆኖም ከሲፓስ ጋር ሲነበብ መልእክቱ ግልጽ ነው። በጊዜው የተሰጠ 20 ሰዓት የሚያስገኘውን፣ ከጊዜው ያለፈ 20 ሰዓት አያስገኝም፤ በሩ ይጠባል፤ የመግቢያውም ዋጋ ይጨምራል።

መሶቡ ዙሪያ

ይህን ሁሉ ወደ ቤታችን እንመልሰው። በሀገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ከገጠር የመጣ በሽተኛ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር፣ ማለትም ምርጡ ወቅት፣ የሚያልፈው በሆስፒታል ሳይሆን በቤቱ ነው። በቤቱ ውስጥም የሚጠብቀው ፍቅር ነው።

ይህ ፍቅር ምን እንደሚሠራ በግልጽ እንነጋገር። በእኛ ማዕድ ቀኝ እጅ ብቸኛው መብያ ነው፤ ግራ እጅ ወደ መሶብ መዘርጋቱ ነውር ሆኖ ይታያል። ቀኝ እጁ የዛለበት አባወራ ሁለት ምርጫ ይቀርለታል፤ ከማዕዱ ተለይቶ በማንኪያ መብላት፣ ወይም እንደ ሕፃን መጉረስ። ልጆቹ ያጎርሱታል፤ ባለቤቱ ታለብሰዋለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ነጠላውን ያስተካክሉለታል። ከቀን ወደ ቀን እጁ አንድም ጊዜ ሳይጠየቅ ይመሻል። ታውብ በቤተ ሙከራ ያየውን «የተማሩት አለመጠቀም» እኛ በመሶባችን ዙሪያ፣ በበጎ ፈቃድ እናስተምረዋለን።

መድኃኒቱ ግን ጉርሻን መከልከል አይደለም። አንዲት ጥጥ ፈታይ እናት በልምምድ ክፍላችን ከፕላስቲክ ኩብ ጋር ስትታገል ቆይታ፣ እንዝርት ሲሰጣት ፊቷ እንደ ተለወጠ አይቻለሁ። ትርጉም ያለው ሥራ የሚባለው ይህ ነው፤ እርሱም በየቤቱ ሞልቷል። ጣቶቹ በጥቂቱ መዘርጋት ለጀመሩለት ሰው 100 የሽምብራ ፍሬ ቆጥሮ ከሰሃን ወደ ሰሃን ማዛወር 100 ድግግሞሽ ነው፤ ሽምብራው ሲቀል ወደ ምስር ይሸጋገራል። ባዶ ሲኒ ማንሣት፣ ከዚያ ውኃ ያለበት፤ ነጠላ ማጣጠፍ፤ ሁለቱንም እጅ ለሚጠይቅ ሥራ ቡና መውቀጥ፤ ማማተብ፤ ውዱእ ማድረግ። ጣት ገና ላልተንቀሳቀሰለት ደግሞ ፎጣ በጠረጴዛ ላይ ወደ ፊት መግፋት። ቆይቶም አባወራው ተቀባይ ብቻ ሳይሆን በደከመው እጁ አጉራሽ ይሁን። ለልጁ አንዲት ጉርሻ ማድረስ ከብዙ ልምምድ ቁሳቁስ የበለጠ ትከሻን፣ ክርንን፣ አንጓንና ጣትን አንድ ላይ ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልል የሆነ ትከሻ በቀላሉ ከመጋጠሚያው ዝቅ ይላል። በሽተኛውን ከአልጋ ሲያነሡ የደከመውን እጁን መሳብ፣ ወይም ወደ ወጌሻ ወስዶ በኃይል ማሳሸትና ማስጎተት፣ ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የሚያመው እጅ ደግሞ አይለማመድም። በተቀመጠ ጊዜ ክንዱ በትራስ ይደገፍ፤ ሲነሣ ከወገቡ ይደገፍ።

የቤተሰብን ጉልበት ሳወድስ ግን ማስረጃውን መደበቅ የለብኝም። አቴንድ የተባለው የህንድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ በ14 ሆስፒታሎች 1250 በሽተኞችን ይዞ ቤተሰብ የሚመራውን የተሐድሶ ሕክምና ፈተነ። በስድስተኛው ወር በሞትና በጥገኝነት መጠን ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት ቤተሰብን በጥቂት ቀናት ሥልጠና አሠልጥኖ የባለሙያን ቦታ መተካት እንደማይቻል ይነግረናል። ስለዚህ «ባለሙያ ባይኖርም ቤተሰብ አለ» የሚል ፖሊሲ ቢጻፍ እኔ አልፈርምበትም። ጥናቱ የመዘነው አጠቃላይ ጥገኝነትን እንጂ በተለይ የእጅን አገልግሎት አልነበረም፤ የእኛ ጥያቄ ገና ክፍት ነው። ቤተሰብ ድግግሞሹን ሊያስገኝ ይችላል፤ ሥራውን የሚመርጠው፣ ደረጃውን የሚያስተካክለውና ትከሻውን የሚጠብቀው ግን ባለሙያ ነው።

እጁ ለማይመለስለት ሰው

ከስትሮክ ከተረፉት መካከል እጃቸው ለሥራ የማይመለስላቸው ብዙዎች ናቸው። በአማርኛ «እጀ ሰባራ» ማለት አቅም ያጣ ማለት ነው፤ «እጅ መስጠት»ም መሸነፍ ነው። ቋንቋው ራሱ ለዚህ ሰው ይከብደዋል። ለእርሱ በየወሩ «በርታ፤ ሞክር» ማለት ሕክምና ሳይሆን ወቀሳ ይሆንበታል። አልተመለሰም ማለት አልሠራበትም ማለት አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ የምናደርገው ሌላ ነው። መዳፉ እንዳይጨበጥና እንዳይቆስል መጠበቅ፣ የተገተረውን ጡንቻ በሚቻልበት ቦታ በቦቱሊነም መርፌ ማላላት፣ በአንድ እጅ መልበስንና መታጠብን ማስተማር፣ ቤተሰቡም በግራ እጅ መብላትን እንደ ነውር እንዳያይ ማስረዳት። እውነቱን በጊዜ መስማት መብቱ ነው።

ማጠቃለያ

ለተማሪዎቼ የምለው ቁጠሩ ነው። በመዝገባችሁ ላይ «ፊዚዮቴራፒ ተሰጠ» ብላችሁ አትጻፉ፤ በሽተኛው በራሱ ጥረት ስንት ጊዜ ምን እንዳደረገ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ጣቱ መዘርጋት አለመዘርጋቱን ጻፉ። ወደ ቤቱ ሲሸኝ በወረቀት ላይ ሦስት ሥራና ቁጥራቸውን ስጡት።

ለተመራማሪ ባልደረቦቼ የምለው ደግሞ መለኪያው ከእኛ ይጀምር ነው። ከውጭ የወሰድናቸው አንዳንድ መጠይቆች ስለ ሹካና ማንኪያ ይጠይቃሉ፤ እንጀራ መቁረስን የሚጠይቅና በጥናት የተረጋገጠ መለኪያ ያስፈልገናል። ባለሙያ የሚመራውና በቤት ሥራ ላይ የተመሠረተ የእጅ ልምምድ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ በእኛ ሀገር በሽተኞች ላይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች መፈተን ይቻላል። ለዚህ ሮቦት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሽምብራ፣ መስታወት፣ የሚቆጥር ሰውና በየሁለት ሳምንቱ ደውሎ «ስንት ደረሰ?» የሚል ባለሙያ ነው።

ያን ጊዜ «እጄስ?» ብሎ ለሚጠይቀን ሰው መልስ ይኖረናል። ነገ ጠዋት ከአንድ መቶ እንደሚጀምር እንነግረዋለን።